የአሞሌ መንገድና የቅርስ ቤቱ ጥያቄ

ባለፈው ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል ከዶርሜ ልጅ ጋር አንድ ቤተ መዘክር ገብተን ነበር። የቤቱን ስም ማንሳት ለነገራችን አይጠቅምም። ከዘውዱ፣ ከጋሻውና ከብራናው አልፈን አንድ ጥግ ላይ ስንደርስ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንዲት አሞሌ ተጋድማለች። ጫፏ ተሸርፏል፤ ወገቧ ላይ የተጠመጠመው ልጥ ደርቆ ጠቁሯል። ከሥሯ በታይፕ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋለች፦ «አሞሌ። ቀድሞ ለገንዘብነት ያገለገለ ጨው።» አለቀ።

ጓደኛዬ የእንደርታ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበባትና «ይኸው ነው እንዴ?» አለኝ። «አቦሓጎይ ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሖ ሲወርዱ የኖሩት ለዚች ናት? መንገዱስ የታለ?»

እኔ ሣቅሁ። መንገድ እንዴት ተደርጎ መስታወት ውስጥ ይገባል! ማታ ግን መብራት ከጠፋ በኋላ ከአያቱ የሰማውን ሲያወራኝ አመሸ፤ ያን ጊዜ ጥያቄው የቀልድ እንዳልነበረ ገባኝ። በነጋታው ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ጨው መንገድ የተጻፈ ነገር ማገላበጥ ጀመርሁ። ይህች ጽሑፍ የዚያ ፍለጋ ፍሬ ናት። የደረስሁበትን ከመጀመሪያው ልናገርና አንባቢ ይፍረደኝ፦ አሞሌን ገንዘብ ያደረገው መንገዱ ነው። ስለዚህ የጨው ንግድን ቅርስ እናስቀምጣለን የሚል ቤት ቢሠራ፣ መንገዱን ካላሳየ ምንም አላሳየም። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ ያለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ይባል የለ? መንገድ የሌለው አሞሌም እንደዚያው ነው።

፩. ጨዉ ያለበት ሜዳ

የዳናኪል ዝቅተኛ ሜዳ ከባሕር ወለል በታች እስከ 120 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ እየገባ ይተኛበት እንደነበር የሥነ ምድር ሊቃውንት ይናገራሉ፤ የኮራል ድንጋዩ እስከ ዛሬ ዳር ዳሩን ይታያል። ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ የገባው ውሃ እሳተ ገሞራና የመሬት መነሣት መንገዱን ሲዘጉበት እዚያው ቀረና ፀሐይ ጠጣችው። ጨዉ ተረፈ። እንዲህ እየተደራረበ የተከማቸው የጨው ንጣፍ በአንዳንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ውፍረት አለው። ዝናብ ሲጥል ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ የአሳሌን ሐይቅ ያሰፋዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ በላዩ አዲስ የጨው ቆዳ ያበቅላል። አንድ የእርሻ መሬት ክረምቱን አርፎ እንደሚያድስ ማለት ነው።

ሙቀቱንስ? በዳሎል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተለካው የአየር ሙቀት፣ ቀኑም ሌሊቱም፣ በጋውም ክረምቱም ተደምሮ ሲካፈል አማካዩ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች ከተመዘገቡት የዓመት አማካዮች ሁሉ የበለጠ ነው ይባላል። ልብ በሉ፣ ይህ አማካዩ ነው፤ የቀትሩን ለብቻው አስቡት።

እዚህ ሜዳ ላይ ሥራው በማለዳ ይጀመራል። አንዱ ወገን በመጥረቢያ ሜዳውን ይሰነጥቃል፤ ከስንጥቁ ውስጥ ረጃጅም እንጨት አስገብተው ብዙ ሆነው በአንድ ላይ እየተጫኑ ትልቁን የጨው ገበታ ይፈነቅሉታል። ሌላው ወገን ቁጢጥ ብሎ ይጠርበዋል። ሜትር የለ፣ ሚዛን የለ፤ መለኪያው ዓይኑ ነው። ግን የወጡት ጡቦች ቢደረደሩ እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። ገንዘብ ይሆን የነበረው ጡብ ይህ ነው። ሌላ አገር ገንዘብ የሚቀረጸው በንጉሥ ቤት፣ በዘበኛ ጥበቃ ሥር ነው። የእኛ ግን ሜዳ ላይ፣ የንጉሥ መልክ ሳይታተምበት፣ ስሙ በማይታወቅ ጠራቢ እጅ ይቀረጽ ነበር። ስንቱ የታሪክ መጽሐፍ ይህንን ጠራቢ ያነሳዋል?

፪. አርሖ

አርሖ የሚባለው ጨው ለማምጣት ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርደው ቅፍለት ነው። ከመቀሌ፣ ከአጉላዕ፣ ከዓጽቢ ወገን የተነሣ ሰው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነሥቶ፣ በበራህሌ አድርጎ፣ በሳባ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ውሃውን እየተሻገረ፣ ሐመድ ኤላ ሲደርስ ከባሕር ወለል በታች ገብቷል። ጋቢ ለብሶ የተነሣው ሰው እዚያ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ደርሶ መልሱ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። ግመል ዋናው ነው፤ በቅሎና አህያም አሉበት። አንዱ ግመል በፊተኛው ላይ በገመድ እየታሰረ በረድፍ ይሄዳል። ሲመለስ አንድ ግመል ከ100 እስከ 150 ኪሎ ግራም ገደማ ጨው ይሸከማል።

ጓደኛዬ ከአያቱ ከሰማው ሁሉ ልቤን የነካው የገለባው ነገር ነው። ሲወርዱ ግመሎቹ ባዶ አይሄዱም፤ የራሳቸውን መኖ ተሸክመው ይወርዳሉ። ጨው ሜዳ ላይ ሣር የሚባል ነገር ስለሌለ ነው። ታዲያ ገለባውን ሁሉ እስከ ታች አይወስዱትም። በየማደሪያው ጥቂት ጥቂቱን እያስቀመጡ ያልፋሉ፤ ሲመለሱ ጨው የጫነው ግመል የሚበላው እሱን ነው። ይህንን የመንገደኞች ዘገባም ያነሣዋል። ግን ዘገባዎቹ ያላነሡት አንድ ጥያቄ አለ፦ በዚያ መንገድ ላይ መቶ ግመል ያልፋል፣ ሁሉም ይርበዋል፤ ሰው የሌለበትን ገለባ የሚጠብቀው ማን ነው? ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ፦ «የሰው ገለባ የነካ ሰው ሁለተኛ በዚያ መንገድ አይሄድማ!» አስቡት እንግዲህ። አንድ ሌባ ቢኖር የአንዱ ግመል ሜዳ ላይ ይቀር ነበር፤ ሌቦች ቢበዙ ደግሞ መንገዱ ራሱ በጠፋ ነበር። ሕገ መንግሥት ያልተጻፈለት፣ ዳኛ ያልተሾመበት፣ ግን የሚሠራ ሕግ ነበር ማለት ነው።

ስንቁም የመንገዱ ነው። ብርኩታ የሚባለው ዳቦ በጋለ ድንጋይ ላይ ሊጡ ተጠቅልሎ በፍም ይበስላል። ምጣድ አይፈልግም፤ ድንጋይና እሳት ካለ ይበቃል። ሰዓቱንም የሚወስነው ፀሐይ ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ ያርፋሉ፣ ሲበርድ ይሄዳሉ።

አፋሮችን ሳያነሡ የዚህን መንገድ ታሪክ መጻፍ አይቻልም። ሜዳው የእነሱ ነው፤ ውሃው የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ደገኛው ገንዘብና እህል ይዞ ይወርዳል፤ አፋሩ ጨዉን፣ ውሃውንና መንገዱን ይዞ ይጠብቀዋል። አልፎ አልፎ ግጭት አልነበረም ለማለት አይደለም፣ ነበረ። ነገር ግን አንዱ ያለ ሌላው ጨው ማውጣትም ጨው መሸጥም ስለማይሆንለት፣ ግጭቱ ሲበርድ ተመልሰው የሚገናኙት እዚያው መንገድ ላይ ነው።

፫. ዋጋው በእግር ሲያድግ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጨው በአገራችን ንግድ ውስጥ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ የሚጠቁም ሰው ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስቴስ ነው። እሱ በስድስተኛው መቶ ዓመት አዱሊስ ድረስ መጥቶ የነበረ ነጋዴ ነው። የአክሱም ንጉሥ በአገው ሹም በኩል ወደ ሳሱ አገር ነጋዴዎችን ይልክ እንደነበር ጽፏል። ነጋዴዎቹ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ ሥጋውን፣ ጨዉንና ብረቱን በአጥር ላይ ዘርግተው ዞር ሲሉ፣ የአገሩ ሰው መጥቶ በወደደው ላይ ወርቅ አስቀምጦ ይመለሳል። ባለጨው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ይተወዋል። ቋንቋ ሳይግባቡ መገበያየት ማለት ይኸ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ እንዝለል። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችንን ተመላልሶ አይቷል። ሰውየው ስለ ጨው የጻፈው፣ ለእኔ፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ከጻፈው አያንስም። ጨዉ በሚወጣበት አካባቢ ከ120 እስከ 130 አሞሌ በአንድ ድራም ወርቅ ይሸጥ ነበር ይላል። አንድ ቀን ብቻ ተሂዶ በሚደረስበት ገበያ በዚያው ወርቅ የሚገኘው አሞሌ በአምስት በስድስት ይቀንሳል። ከገበያ ገበያ እንዲሁ እየቀነሰ ሄዶ፣ ንጉሡ ካሉበት ከተማ ሲደርስ ለአንድ ድራም ወርቅ የሚገኘው ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ ነው።

ይህንን ሒሳብ እስቲ እናስላው። በመንገዱ መጀመሪያ ያለው አሞሌና በመንገዱ መጨረሻ ያለው አሞሌ አንድ ነው። ማንም ምንም አልጨመረበትም። እንዲያውም ቀንሷል፤ ተሸርፏል፣ ዝናብ ነክቶታል። ዋጋው ግን ሃያ እጥፍ ገደማ ሆኗል። ታዲያ ይህ አሥራ ዘጠኙ እጥፍ ከየት መጣ? ከእግር ነው የመጣው። ከገለባው፣ ከብርኩታው፣ ከጥማቱ፣ ከቀረጡ፣ ከሞተው ግመል ነው የመጣው። አሞሌ ማለት ሰው የሄደው መንገድ ተጠርቦ ሲቀመጥ ነው ብል አላጋነንሁም።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ነገር እንዳይመስለን ሌላ ምስክር ልጥራ። ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1352 የሰሐራን በረሃ ሲያቋርጥ ተግሃዛ በተባለ ቦታ አልፏል። ቤቱም መስጊዱም በጨው ድንጋይ የተሠራ፣ ጣሪያው የግመል ቆዳ፣ ዛፍ የማይታይበት መንደር ነው፤ ጨዉን የሚቆፍሩት ባሮች ናቸው። አንድ የግመል ጭነት ጨው ወላታ ሲደርስ ከ8 እስከ 10 ምስቃል ወርቅ ይሸጣል፤ ወደ ማሊ ከተማ ሲገባ ከ20 እስከ 30፣ አንዳንዴም እስከ 40 ይደርሳል ብሎ ጽፏል። እዚያም ጨዉን እየቆራረጡ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። በረሃው ሌላ፣ ሕዝቡ ሌላ፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው።

፬. ትርፉን የበላው ማነው?

አልቫሬዝ ሌላም ነገር አይቷል። በመንገዱ ላይ ሦስት አራት መቶ የጭነት ከብት በአንድ ላይ ጨው ጭኖ ሲያልፍ አይቷል፤ እነዚህ የታላላቅ መኳንንት ናቸው፤ በየዓመቱ አንድ ጊዜ እየላኩ በቤተ መንግሥት የሚኖሩበትን ወጪ በዚያ ይሸፍናሉ። ሃያ ሠላሳ ከብት የሚነዱም አሉ፤ እነዚህ ነጋዴዎች ናቸው። ደግሞም ጨዉን በገዛ ጀርባቸው ተሸክመው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። አንድ መንገድ፣ ሦስት ዓይነት ተጓዥ። ባለ አራት መቶው መኰንን ራሱ አልሄደም፤ ሰው ልኳል። ባለ ጀርባው ግን ራሱም ነጋዴ፣ ራሱም ግመል ነው።

በየመንገዱ ኬላ አለ። በኋላ ዘመን በምሥራቅ ትግራይ የጨዉን ቅፍለትና ቀረጥ የሚያዝዘው ሹም ባልጋዳ ይባል ነበር። ሹመቱ ተራ አልነበረም፤ ጨዉን የያዘ ሰው ገንዘቡን ያዘ ማለት ነውና፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በዚህ ማዕረግ የተጠሩ ሰዎች በትግራይ የሥልጣን ትግል ውስጥ ስማቸው ይነሣል። የእነሱን ስም እናውቃለን። የተሸካሚውን አናውቅም።

ከዚህም የከፋ አለ፤ እሱንም ሳልደብቅ ልጻፈው። ያው አልቫሬዝ ጨዉ ዳሞት ሲደርስ በሦስት ወይም በአራት አሞሌ አንድ ጥሩ ባሪያ ይገዛበታል ይላል። ባሮቹ ከሚመጡበት አገር ሲደርስ ደግሞ በአንድ አሞሌ አንድ ሰው ይገኛል መባሉን ሰምቷል። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ያ ጠራቢ በጠዋት ቁጢጥ ብሎ የጠረበው ጡብ፣ ያ ባለ ጀርባ ተራራ ለተራራ የተሸከመው ጡብ፣ በመንገዱ መጨረሻ የሌላ ድኻ ልጅ ዋጋ ሆነ። መንገዱ ጀግንነት አለበት፤ ነውርም አለበት። ባርነት በአዋጅ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ሩቅ ዘመን አይደለም። «ቅርሳችን ነው» ብለን ስንኮራ ግማሹን አጥፈን ደብቀን ከሆነ፣ ያ ታሪክ አይባልም።

፭. አሞሌ ሲያረጅ

ገንዘብነቱ እንዴት ቀረ? በአንድ ቀን አልቀረም። ማርያ ቴሬዛ ብር በትልቁ ገበያ ሲገባ አሞሌ ዝርዝር ሆኖ ጎን ለጎን ቆየ። ዐፄ ምኒልክ በስማቸው የተቀረጸውን ብር በ1887 ዓ.ም. አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1906 የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። እንዲያም ሆኖ አሞሌ በየገጠሩ ገበያ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲያገለግል ኖሯል። ሰው የማያውቀውን ቁራጭ ብረት ከማመን የሚያውቀውን ጨው ማመን ይቀለዋል። ቢቸግር ወጥ ውስጥ ይገባል፤ ሳንቲም ግን ወጥ አያጣፍጥም። ጠላቱ ዝናብና እርጥበት ነበር፤ ስለዚህ ባለጸጋው ሀብቱን ከምድጃ በላይ፣ ጢስ በሚደርስበት ይሰቅል ነበር። ስሙ ግን እንደ ገንዘቡ አልሞተም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ባንክ በስልክ ገንዘብ የሚላክበትን አገልግሎት «አሞሌ» ብሎ ሰየመው። እንግዲህ ክብደቱ ቀርቶ ስሙ ብቻ አየር ላይ ተጓዘ ማለት ነው።

ጨዉ ራሱ ግን በግመል መጓዙን ቀጠለ። የለወጠው ዘመናችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣና የአሰብ ጨው ሲቀር፣ የአፍዴራ ሐይቅ ጨው የአገሪቱ ዋና ምንጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ደንብ ወጣ፤ እንቅርትን ለመከላከል ነው፣ ተገቢም ነው። ጡቡ ግን ለዚህ አይመችም። ከዚያ ከደጋው ወደ በራህሌ፣ ከበራህሌም ወደ ሐመድ ኤላ አስፋልት ወረደ፤ መኪና ደረሰ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በቆየው ጦርነት ደግሞ ደገኛውንና አፋሩን ያገናኝ የነበረው መንገድ ራሱ ተቆረጠ።

እዚህ ላይ እኛ የከተማ ልጆች የምንወድቅበት ጉድጓድ አለ። በፀሐይ መጥለቂያ የሚሄዱትን ግመሎች ፎቶ እያየን «ወይኔ፣ ይህ ውበት ሊጠፋ ነው» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ጓደኛዬ ይህንን ስለው ሣቀብኝና የአያቱን ነገር ነገረኝ። ሽማግሌው መጀመሪያ ጊዜ ጨው የጫነ መኪና ሲያዩ ጉልበታቸውን እያሹ «ምነው በእኔ ዘመን በመጣ!» አሉ አሉ። እንግዲህ መንገዱን የሄደው ሰው አልናፈቀውም። እኛ ያልሄድነው ነን የምንናፍቀው። ሰው በ40 ዲግሪ እየተቃጠለ እንዲሄድልን፣ ቅርስ እንዲሆንልን መጠየቅ አንችልም። ግመሉ ቢቀር ይቅር። መቅረት የሌለበት የሄዱት ሰዎች የሚያውቁት ነገር ነው። እሱ ደግሞ ከእነሱ ጋር እየተቀበረ ነው።

፮. መንገድ እንዴት ቤት ይገባል?

ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። የንግድ መንገድን ቅርስ ማኖር የሞከሩ አገሮች አሉ። ዖማን በዕጣን መንገድ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ያስመዘገበችው አንድ ሕንፃ አይደለም፤ አራት ቦታ ነው፦ የዕጣን ዛፉ የሚበቅልበት ዋዲ ዳውካ፣ ቅፍለቱ የሚያርፍበት የሺስር የበረሃ ውሃ፣ ሖር ሮሪ የተባለው ጥንታዊ ወደብና የአል በሊድ ወደብ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2007 ሰላላ ከተማ፣ አል በሊድ ፍርስራሹ አጠገብ፣ የዕጣን ምድር ቤተ መዘክር ተከፈተ። በኔጌቭ በረሃም እንዲሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመዘገበው የዕጣን መንገድ አራት ከተሞችን ከመንገዱ ምሽጎች ጋር አያይዞ የያዘ ነው። እኛም የዕጣን አገር ነንና ነገሩ ባዕድ አይሆንብንም። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ዛፉን ያለ ውሃው፣ ውሃውን ያለ ወደቡ ብታሳይ መንገድ አላሳየህም። ቤተ መዘክሩ የመንገዱ በር ነው እንጂ መንገዱ አይደለም።

እንግዲህ ለጨው መንገዳችን እንዲህ ያለ ቤት ቢሠራ ምን ይኑረው? እኔ ያሰብሁትን ልደርድር፤ የተሻለ ያለው ይጨምርበት።

አንደኛ፣ ቦታው። ዋና ከተማ ላይ አይሁን። ሁለት በር ይኑረው፤ አንዱ ደጋው ላይ ቅፍለቱ ከሚነሣበት፣ ሁለተኛው ቆላው ላይ በበራህሌ መስመር። ጽሑፉ በአፋርኛም፣ በትግርኛም፣ በአማርኛም ይሁን። ከጦርነቱ በኋላ ይህ የጌጥ ነገር አይደለም። ሁለቱ ሕዝቦች ለዘመናት በአንድ ሥራ ላይ እንደተገናኙ የሚመሰክር ቤት፣ ሁለቱም «የእኛ ነው» ብለው የሚገቡበት ቤት መሆን አለበት። አንዱ ባለቤት፣ ሌላው እንግዳ ሆኖ ከተሠራ ባይሠራ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የዋጋው ሰሌዳ። ያችው አንዲት አሞሌ በየገበያው ስንት እንደነበረች ከጨው ሜዳው እስከ ዳሞት በረድፍ ይጻፍ። ጎብኚው እየተራመደ ያንብበው፤ ዋጋው በእግሩ ሥር ሲያድግ ይየው። በረድፉ መጨረሻ ላይ ባሪያው ይጻፍ። አይዘለል።

ሦስተኛ፣ የገለባው ማደሪያ። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ አንድ ጥግና አንድ እስር ገለባ ይበቃል። ከጎኑ ሕጉ ይነገር። ልጆቻችን «ሕግ ማለት ከላይ የሚወርድ ነው» ብለው እንዳያድጉ፣ ሕግ ከመንገደኛ መካከልም እንደሚበቅል ይዩ።

አራተኛ፣ ስም። የጠራቢዎቹ፣ የነጂዎቹ፣ የውሃ መሪዎቹ ስም ከነመንደራቸው፣ ራሳቸው ወይም ልጆቻቸው ከፈቀዱ፣ ግድግዳው ላይ ይጻፍ። የባልጋዶቹን ስም መጽሐፍ ይዞልናል። የእነዚህን የሚይዝ ሌላ የለም።

ይህ አራተኛው ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ የለበትም። ሚኒስቴርም፣ በጀትም፣ የመሠረት ድንጋይም አይፈልግም። ደብተር ይፈልጋል። ከእኛ መካከል ክረምቱን ወደ እንደርታ፣ ወደ ዓጽቢ፣ ወደ አፋር የሚመለሱ አሉ። ሽማግሌዎቹን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው። ስንት ጊዜ ወረዱ? ከማን ጋር? ገለባ የሚያኖሩት የት ነበር? ውሃ ያሳያችሁ ሰው ማን ነበር፣ ስሙ ማን ይባላል? መንገድ ላይ የቀረ ጓደኛ አለ? ቀረጡ ስንት ነበር፣ ለማን? እኛ በክፍል ውስጥ «የቃል ታሪክ ምንጭነት» ብለን ለፈተና የምናጠናው ነገር እኮ ይኸው ነው። ለፈተና ካጠናነው በኋላ ሽማግሌዎቹ ሳይጠየቁ ቢሞቱ ምን ትርጉም አለው?

ባለፈው ሳምንት ከጓደኛዬ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን «እሺ፣ አንተ ብትሆን ያች ወረቀት ላይ ምን ትጽፍ ነበር?» አልሁት። እስክሪብቶዬን ተቀበለኝና የሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ብዙ ከሠረዘና ከደለዘ በኋላ ይህንን ጻፈ፦

«አሞሌ። ከአሳሌ ሜዳ የተጠረበች። የጠረባት ሰው ስሙ አልተጻፈም። በአፋር ውሃና በደጋ ገለባ ተራራውን የወጣች። በተነሣችበት አገር 120ዋ በአንድ ድራም ወርቅ፤ ንጉሡ ካሉበት ስድስቷ በአንድ ድራም ወርቅ፤ ከዚያም አልፋ የሰው ዋጋ የሆነች። የሄዱትን የሚያውቅ ቢኖር ስማቸውን እዚህ ያስመዝግብ።»

ከሥሩ መስመር አሰመረና የአያቱን ስም ጻፈበት። ካርቶኑ አሁን ዶርማችን ውስጥ አልጋው በላይ ተለጥፏል። ቀሪው ቦታ ባዶ ነው።